የጉልበት ዕድሜና የደጋፊ ፍርድ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ምሽት በሳን ዲዬጎ ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ የመጣው ጨዋታ ለማየት ብቻ አልነበረም። ሳን ዲዬጎ የባሕር ኃይል ከተማ ናት፤ አስተናጋጁ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ቻርጀርስም ያን ምሽት ለሠራዊቱ ክብር መድቦት ነበር። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲጀመር ሁሉም ብድግ አለ። በእንግዳው ቡድን በሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ መስመር ላይ ግን ሁለት ሰዎች ከሌሎቹ ትከሻ በታች ዝቅ ብለው ታዩ። የማጥቃቱ መሪ (ኳርተርባክ) ኮሊን ኬፐርኒክና የቡድን ጓደኛው ኤሪክ ሪድ አንድ አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ተንበርክከዋል። አጠገባቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ የቆመው ኔት ቦየር የሚባል የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር ነው። ኬፐርኒክ ሊጫወት ሜዳ ሲገባ የተቀበለው የተመልካቹ የተቃውሞ ጩኸት ነበር።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ጉልበት በአንድ ቀን የመጣ ሐሳብ አልነበረም። ኬፐርኒክ በነሐሴው የዝግጅት ግጥሚያ ወቅት ሁለት ጊዜ መዝሙሩ ሲዘመር ከአግዳሚ ወንበሩ ሳይነሣ ቀርቷል፤ ማንም ልብ አላለውም። በሦስተኛው፣ ኦገስት 26፣ አንዲት ጋዜጠኛ ሜዳውን ያነሣችው ፎቶግራፍ ውስጥ ተቀምጦ ታየ። ሲጠየቅ መልሱን አልሸፋፈነም። ጥቁሮችን በሚጨቁን አገር ባንዲራ ኩራት እንዳለው ለማሳየት አልነሣም፤ ፖሊስ ሰው ገድሎ ደመወዝ እየተከፈለው በሚያርፍበት አገር ዝም ማለት ራስ ወዳድነት ነው አለ። ቦየር ለሠራዊቱ አባላት በሚታተም ጋዜጣ ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ተገናኙ፤ ተነጋገሩ። መቀመጥ ንቀት ይመስላል፤ መንበርከክ ግን ወታደር በወደቀ ጓዱ መቃብር ፊት የሚያደርገው ነው ብሎ የመከረው ቦየር ነው። ስለዚህ ብዙ ደጋፊ በንቀት የተረጎመው ጉልበት መነሻው አንድ ወታደርና አንድ ተቃዋሚ ቁጭ ብለው ያመጡት ስምምነት ነበር።

አማርኛ ለእግር መታጠፊያም ለኃይልም አንድ ቃል ነው ያለው። ጉልበቱን ያመመው አለ፤ ጉልበት ያለው አለ፤ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር አለ፤ በጉልበት የተነጠቀ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሰው «ተንበርከክ!» የሚለውን ትእዛዝ የሚያውቀው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ካለው የቅጣት ቦታ ነው። በፖለቲካ ቋንቋችንም ተንበረከከ ማለት እጅ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ተንበርክኮ እንቢ ሊል ይችላል የሚለው ነገር ለጆሯችን ይጎረብጣል። በአሜሪካ እግር ኳስ ግን ጉልበት ብዙ ቋንቋ ይናገር ነበር። ተጫዋች ተጎድቶ ሲወድቅ ሌሎቹ በአንድ ጉልበት ይጠብቁታል። ቡድን እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ይንበረከካል፤ ያ ጉልበት አሸንፈናል ማለት ነው። በ2011 የዴንቨሩ ተጫዋች ቲም ቲቦው ለጸሎት ሲንበረከክ ደግሞ አገሩ በሙሉ ፎቶ እየተነሣ ኮረጀው። ደጋፊው መንበርከክ አዲስ ሆኖበት አልነበረም። አዲስ የሆነበት ማን፣ ለምን እንደተንበረከከ ነው።

እዚህ የምመረምረው ያን የደጋፊ ፍርድ ነው። አንድ አትሌት በመዝሙር ሰዓት ሲቃወም ደጋፊው ብዙውን ጊዜ ይፈርድበታል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፍርዱን ይሽራል። ችግሩ ደጋፊውና አትሌቱ በአንድ ሰዓት አለመቁጠራቸው ነው። የደጋፊ አስተያየት እስኪበስል ዐሥር ዓመትም ዐርባ ዓመትም ሊወስድ ይችላል። የአትሌት ጉልበት ግን ዐሥር ዓመት አይጠብቅም።

ተመልካቹ ለምን ተቆጣ?

የተቆጣውን ደጋፊ ዘረኛ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ነገሩን አያስረዳም። አሜሪካ ውስጥ ወታደር ሲቀበር የሬሳ ሣጥኑን የሸፈነው ባንዲራ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፍና ለሚስት ወይም ለእናት ይሰጣል። ያን የታጠፈ ባንዲራ ሳሎኗ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያስቀመጠች እናት በመዝሙሩ ሰዓት የምታስበው ስለ ፖሊስ ሕግ አይደለም፤ ስለ ልጇ ነው። እኛም ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል በአጠገቡ የሚያልፍ መንገደኛ ባለበት ቀጥ ብሎ የሚቆምበት አገር ልጆች ነን። ያን ጊዜ አንዱ ቁጭ ቢል ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን።

ሁለተኛው ቅሬታ የዕረፍት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ የከረመ ሰው እሁድ ቲኬት ገዝቶ ወይም ቢራውን ይዞ ሶፋው ላይ የሚቀመጠው የዓለምን ጭቅጭቅ ለሦስት ሰዓት ለመርሳት ነው። ሦስተኛው የሥራ ቅሬታ ነው፦ «እኔ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ባደርግ እባረራለሁ፤ በሚሊዮን የሚከፈለው ሰው ለምን ይለያል?» ይህ ክርክር በሕግ በኩል መሠረት አለው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው ከመንግሥት እንጂ ከግል አሠሪ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ተማሪ ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጥ አይገደድም ብሎ የወሰነው ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ነው።

«ፖለቲካን ከስፖርት አውጡ» የሚለው ግን የስታዲየሙን ታሪክ ሲያዩት ይላላል። መዝሙሩን ወደ ሜዳ ያመጣው ጦርነት ነው። በሴፕቴምበር 1918 ቺካጎ ውስጥ በቤዝቦል ዋንጫ የመጀመሪያ ግጥሚያ ላይ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ ባንዱ በእረፍት መካከል ዜማውን ሲጀምር ከባሕር ኃይል ፈቃድ ወስዶ የሚጫወተው ፍሬድ ቶማስ ወደ ባንዲራው ዞሮ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ፤ የደከመው ተመልካች ተነሥቶ አብሮ ዘመረ። ዜማው በሕግ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በ1931 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የየግጥሚያው ልማድ ሆነ። ኋላም የገንዘብ ጉዳይ ገባበት። በ2015 ሴናተር ጆን ማኬይንና ሴናተር ጄፍ ፍሌክ ባወጡት ሪፖርት መከላከያ ሚኒስቴሩ ለስፖርት ክለቦች ገንዘብ እየከፈለ ሜዳ ላይ የአገር ፍቅር ትርኢት ያሠራ እንደነበር ታወቀ፤ የተከፈለው 6.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ በሜይ 2016 ከዚያ ውስጥ 723,734 ዶላር መለሰ። ኬፐርኒክ የተቀመጠው ከዚያ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ፖለቲካ ወደ ሜዳ የገባው በኬፐርኒክ አይደለም፤ የገባው ብቻ ሳይሆን ደረሰኝም ነበረው። አዲሱ ነገር ያልተከፈለበት ፖለቲካ መግባቱ ነው።

ደጋፊው የተናገረውና ያደረገው

በኦክቶበር 2016 የኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከአሜሪካውያን 54 በመቶው ተቃውሞውን ነቀፉ፤ 38 በመቶው ደገፉ። መሐል ላይ ያለው ቁጥር ግን ብዙ ይደብቃል። ከነጮች 63 በመቶው ሲነቅፉ ከጥቁሮች 74 በመቶው ደግፈዋል። የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች ደግሞ በዚያ ጊዜ ከዐሥሩ ሰባት ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። በአንድ ስታዲየም ውስጥ መቀመጫውና ሜዳው ሁለት አገር ሆነው ነበር ማለት ነው።

በሴፕቴምበር 2017 ሮይተርስና ኢፕሶስ ሲጠይቁ ሌላ ነገር ታየ። 58 በመቶው ተጫዋቾች በመዝሙር ሰዓት እንዲቆሙ ሊገደዱ ይገባል አሉ፤ በዚያው ጥናት 57 በመቶው ሊጉ የተንበረከኩትን ማባረር የለበትም አሉ። ሁለቱን መልስ አንድ ላይ ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል። እኔ ግን የደጋፊው እውነተኛ ልብ ያለው እዚያ መካከል ይመስለኛል። «ተነሥ፤ ግን እንጀራህን አይንጠቁህ» ነው የሚለው። በጉልበተኛ ፖለቲከኞች ጩኸት የተዋጠው ይህ መካከለኛ ድምፅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ግን ደጋፊው ከሚናገረው ይልቅ ባደረገው ላይ ነው። የኤንኤፍኤል የቴሌቪዥን ተመልካች በ2016 በ8 በመቶ ገደማ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 10 በመቶ ቀነሰ፤ ወዲያው «መንበርከኩ ሊጉን ገደለው» ተባለ። ጄ ዲ ፓወር የተባለው ኩባንያ ከ9,200 በላይ የስፖርት ተመልካቾችን ጠይቆ በ2017 ያወጣው ጥናት ይህን አባባል በሰፊው አስተጋብቶታል፤ ጨዋታ ማየት ከቀነሱት መካከል 26 በመቶው ዋና ምክንያታችን የመዝሙሩ ተቃውሞ ነው ብለዋልና። ርዕሰ ዜናው እዚያ ላይ ቆመ። ያልተነበበው ሌላው መሥመር ግን ማየት የቀነሱት ከጠቅላላው 12 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ 27 በመቶው እንዲያውም የበለጠ ማየታቸውን ይናገራል። 26 በመቶውን ከ12 በመቶው ላይ አስሉት፤ ከመቶ ሰው ሦስት ይሆናል። ሦስቱ ጮኹ፤ የሌሎቹ ዘጠና ሰባት ዝምታ በእነሱ ጩኸት ተቆጠረ። በ2018 ተመልካቹ በ5 በመቶ ሲጨምር ሜዳ ላይ የሚንበረከኩት ጥቂት ነበሩና አንዱ ወገን «አየህ፣ ሲቆሙ ተመለስን» አለ። ሌላው ደግሞ «ድሮስ መቼ ሄዳችሁ?» አለ። ቁጥሩ ሁለቱንም ያስኬዳል።

ማሊያም የድምፅ መስጫ ካርድ ሆነ። አንዳንዶች የኬፐርኒክን 7 ቁጥር ማሊያ እያቃጠሉ በቪዲዮ ሲያሳዩ፣ ማሊያው በሊጉ ሱቅ በሽያጭ አንደኛ ወጣ። በ2017 የፒትስበርግ ስቲለርስ ተጫዋቾች በመዝሙሩ ሰዓት መተላለፊያው ውስጥ ሲቀሩ፣ አፍጋኒስታን የዘመተው አሌሃንድሮ ቪያኑዌቫ ብቻውን ከበሩ ወጣ ብሎ ቆመ፤ በማግስቱ የእሱ ማሊያ አንደኛ ሆነ። እሱ ራሱ ግን ጓደኞቼን ያጋለጥኩ መሰለብኝ፣ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ ብሎ ተናገረ። በ2020 በአንድ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ላይ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ሲንበረከኩ ጆናታን አይዛክ ብቻውን ቆመ፤ የእሱም ማሊያ ከሽያጩ ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነ። ደጋፊ አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ዓይኑ እሱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ያ ሰው የተናገረውን ትቶ እንዲናገርለት የሚፈልገውን ይለብሰዋል።

ሰዓቱ ይሆን ችግሩ?

«ተቃውሞህን አልከለክልህም፤ ሰዓቱንና ቦታውን ምረጥ» የሚለው የደጋፊው ጠንካራ ክርክር ነው። ደግነቱ ይህ በሜዳ ላይ የተፈተነ ክርክር ነው፤ ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው ፈተና ሴፕቴምበር 25 ቀን 2017 አሪዞና ውስጥ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አላባማ ላይ ባደረጉት ንግግር የክለብ ባለቤቶች የሚንበረከክ ተጫዋችን እየሰደቡ እንዲያባርሩ ጠይቀው ነበር፤ ከንግግሩ ሁለት ቀን በኋላ፣ እሁድ፣ ከ200 በላይ ተጫዋቾች ተቀመጡ ወይም ተንበረከኩ። ሰኞ ምሽት የዳላስ ካውቦይስ ባለቤት ጄሪ ጆንስ መላ ዘየዱ። መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ በሙሉ፣ ባለቤቱ ራሳቸው ጭምር፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሜዳው መካከል ተንበረከኩ። ከዚያ ተነሥተው መዝሙሩ ሲዘመር ቀጥ ብለው ቆሙ። ባንዲራው አልተነካም፤ መዝሙሩ አልተነካም። ስታዲየሙ ግን በተቃውሞ ጩኸት ተናጋ።

ሁለተኛው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 16 ሺህ የሚጠጋ ሰው ብቻ ነበር የገባው። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ክንዳቸውን አያይዘው በዝምታ ቆሙ። በዚያች ሰዓት ማንም አልተንበረከከም። ለአንድነት የተባለች አጭር ዝምታ ነበረች። ከመቀመጫው ግን ጩኸት ተሰማ።

ሁለቱን ምሽቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የሰዓቱ ክርክር አይቆምም። መዝሙሩ ላይ ሲሆን ስለ መዝሙሩ ተባለ፤ ከመዝሙሩ በፊት ሲሆንም ተጮኸ፤ ከመዝሙሩ በኋላም ተጮኸ። የሚጮኸው ሰው ሁሉ ውሸታም ነው አልልም፤ የባንዲራዋ እናት ቅሬታ እውነት ነው። ግን ሰዓቱ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ቅሬታ ስለ ሰዓት አይደለም። ተመልካቹን የረበሸው ተጫዋቹ ስለ ራሱ ሕይወት መናገሩ ነው። ጉልበቱን ገዝቻለሁ ያለ ሰው፣ ያ ጉልበት የራሱ ሐሳብ እንዳለው ሲያይ የሚሰማው ነገር ነው።

ይህ ክርክር በእኛም ቤት ገብቷል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ባሉ የሐበሻ ቤቶች አባት የዜግነት ቃለ መሐላ የገባበትን ቀን ያስታውሳል፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ በግራው ያን የእጅ ባንዲራ ይዞ። «ይቺ አገር ማንም ባልፈለገን ጊዜ ተቀብላናለች፤ እንዴት ሰው ለባንዲራዋ አይነሣም?» ይላል። እዚያው ተወልዶ ያደገው ልጅ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ የፖሊስ መብራት ከኋላው ሲበራ እጆቹን መሪው ላይ ማሳረፍ ተምሯል። «አባዬ፣ ፖሊሱ እኮ ከየት እንደመጣህ አይጠይቀኝም፤ መልኬን ነው የሚያየው» ይለዋል። አባት የሚያየው ያስገባውን በር ነው፤ ልጅ ደግሞ በሩ ውስጥ ያለውን ቤት። ሁለቱም አይዋሹም። አሜሪካ በሙሉ የተከራከረው ይህንኑ ነው።

ሊጉ ሁለት ዛፍ ላይ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል። ኤንኤፍኤል ሞክሮታል። በኖቬምበር 2017 ከተጫዋቾች ጋር ተስማምቶ ለማኅበራዊ ፍትሕ ሥራዎች በሰባት ዓመት 89 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። በሜይ 2018 ደግሞ ሜዳ ላይ ያለ ተጫዋች ሁሉ እንዲቆም፣ ያልፈለገ መልበሻ ክፍል እንዲቀር፣ ይህን የጣሰ ክለብ እንዲቀጣ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ታገደ። የተቆጣው ደጋፊ «መልበሻ ክፍል መደበቅ ምን ዓይነት ክብር ነው?» አለ፤ ተጫዋቹ ደግሞ «አፌን ከዘጋችሁ በኋላ ገንዘቡ ለምን?» አለ።

ኬፐርኒክ በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት ነው። የመጨረሻ ግጥሚያውን የተጫወተው ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ነው፤ የ29 ዓመት ሰው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ቡድኑን ለሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ለሱፐር ቦውል፣ አድርሶ በሦስት ነጥብ ብቻ የተሸነፈ ኳርተርባክ ነው። በማርች 2017 ከውሉ ከወጣ በኋላ አንድም ክለብ አላስፈረመውም። በኦክቶበር 2017 ክለቦቹ ተመሳጥረው አግደውኛል ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ በፌብሩዋሪ 2019 በስምምነት ተዘጋ። ልብ በሉ፤ ደጋፊዎች «ይቁም» አሉ እንጂ 57 በመቶው «ይባረር» አላሉም። ያደረጉት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ምክንያት ያደረጉት ግን ደጋፊውን ነው። ጩኸት የደጋፊ ነው፤ ጉልበቱ ግን የባለቤት።

ሌላው ጉልበት

ሜይ 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ፖሊስ ጉልበቱን ጆርጅ ፍሎይድ በተባለ ጥቁር ሰው አንገት ላይ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ አሳረፈ። ዓለም በሙሉ በቪዲዮ አየው። ከአራት ዓመት በፊት ሣር ላይ ያረፈው ጉልበት ስለ ምን ሲናገር እንደነበር ለማስረዳት ከዚህ በኋላ ተንታኝ አላስፈለገም። አንዱ ጉልበት ያስጠነቀቀውን ሌላው ፈጸመው። ጁን 5 ላይ የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል ተጫዋቾቻችንን ቀድመን ባለመስማታችን ተሳስተናል አሉ፤ የኬፐርኒክን ስም ግን አልጠሩም።

ቁጥሩም ተገላበጠ። ኤንቢሲና ዎል ስትሪት ጆርናል በ2018 ሲጠይቁ 54 በመቶው በመዝሙር ሰዓት መንበርከክ ተገቢ አይደለም፣ 43 በመቶው ተገቢ ነው ብሎ ነበር። በ2020 ተገቢ ነው ያለው 52 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ዋሽንግተን ፖስት ባወጣው ጥናት ደግሞ 56 በመቶው ተገቢ ነው አለ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው ነገር አለ። ጉልበቱ አልተቀየረም፤ ባንዲራውም መዝሙሩም ያው ነው። የተቀየረው ደጋፊው ራሱ ያየው ነገር ነው። ተቃዋሚ ሠላሳ ጊዜ ቢናገር ያላሳመነውን ሰው የዘጠኝ ደቂቃ ቪዲዮ አሳመነው። ይህ ስለ ደጋፊ ፍርድ አንድ ነገር ይነግረናል፦ ፍርዱ የተቃውሞውን ትክክለኛነት አይለካም፤ ፈራጁ ምን ያህል አይቷል የሚለውን ነው የሚለካው።

የቆየ ማስረጃ አለ። በ1961 በአውቶቡስ እየተጓዙ የዘር መለያየትን ስለተቃወሙት ወጣቶች የአስተያየት ጥናት ድርጅቱ ጋሎፕ ሲጠይቅ 61 በመቶው አሜሪካዊ ነቀፋቸው፤ የደገፈው 22 በመቶ ብቻ ነበር። በ1966 ማርቲን ሉተር ኪንግን 63 በመቶው በክፉ ያያቸው ነበር፤ በ2011 ግን 94 በመቶው በበጎ አያቸው። ይህ ማለት የተጠላ ተቃውሞ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ በትክክል የሚጠሉ ነገሮችም አሉ። ማለት የሚቻለው፣ የዚያን ሳምንት ቁጥር ይዞ የአንድን ሰው እንጀራ የሚቆርጥ ድርጅት በሚለዋወጥ ሚዛን ላይ የማይመለስ ፍርድ እየሰጠ ነው።

ከሪዮ እስከ ሜክሲኮ

እኛ ይህን ታሪክ ከሩቅ የምናየው አይደለም። የኬፐርኒክ ፎቶ ከመነሣቱ አምስት ቀን በፊት፣ ኦገስት 21 ቀን 2016፣ ሪዮ ላይ ፈይሳ ሌሊሳ ማራቶኑን በ2፡09፡54 ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ በኦሮሚያ የነበረው ተቃውሞ ምልክት ነበር። በዚያች ሰዓት መዝሙር አልተዘመረም፤ ባንዲራም አልተሰቀለም፤ ግን የተነሡት ጥያቄዎች ያው ነበሩ። «ቦታው ነው ወይ? አገሪቱ የላከችው ለዚህ ነው ወይ?» ያለ ነበር፤ በእንባ የተቀበለውም ነበር። ፈይሳ ያኔ 26 ዓመቱ ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው በኦክቶበር 2018 ነው። ለአንድ የማራቶን ሯጭ በዚያ ዕድሜ ሁለት ዓመት ከቤትና ከአሠልጣኝ መራቅ ምን ማለት እንደሆነ ሩጫ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ በፊትም ሜክሲኮ አለች። በኦክቶበር 1968 ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈባት ከተማ፣ ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የአገራቸው መዝሙር ሲዘመር ጥቁር ጓንት የለበሰ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ። ስሚዝ 200 ሜትሩን በ19.83 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረ ገና ሰዓታት ብቻ ነበር ያለፉት። ሲወርዱ የተመልካቹ ጩኸት ተከተላቸው፤ ከቡድኑም ታገዱ። ስሚዝ የ24 ዓመት ጎረምሳ ነበር። የተማሩበት የሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ሐውልታቸውን ያቆመው በ2005 ነው። የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ወደ ክብር መዝገቡ ያስገባቸው ደግሞ በ2019፣ ስሚዝ 75 ዓመት ሲሞላው ነው። የቅርጫት ኳሱ ማህሙድ አብዱል ራውፍም አለ። በ1996 አልነሣም ብሎ ታግዶ ለአንድ ግጥሚያ 31,707 ዶላር ቀረበት፤ በኋላ ቆሞ ለመጸለይ ተስማማ፤ ክለቡም ሸኘው። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ማሊያውን በክብር የሰቀለለት በ2020 ነው። ቦክሰኛው ሙሐመድ አሊ ዘመቻ እንቢ ብሎ ከሦስት ዓመት በላይ ከቦክስ መድረኩ ሲርቅ በአፍላ ጉልበቱ ላይ ነበር፤ አገሩ የኦሊምፒክ ችቦ ያስያዘችው እጁ በሕመም ሲንቀጠቀጥ ነው።

እነዚህን ዓመቶች የደረደርኩት ለክብሩ ብዬ አይደለም፤ ልዩነቱን ለማስቆጠር ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ሃምሳ አንድ ዓመት፣ ሃያ አራት ዓመት። ደጋፊ ይመለሳል፤ ሐውልትም ያቆማል፤ ግን የሚመለሰው ጉልበት ካለቀ በኋላ ነው። የቆመ ሐውልት መዝሙር አያቋርጥም፤ እሁድንም አይረብሽም።

ኖቬምበር 16 ቀን 2019 ላይ ኬፐርኒክ አትላንታ አቅራቢያ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ችሎታውን ለክለብ መልማዮች አሳየ። ሜዳው ትንሽ ነው፤ ማሊያውን የለበሱ ደጋፊዎች ከአጥሩ ውጪ ተደርድረው ያዩታል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ አሁንም ረጅም ይሄዳል፤ አጥሩ ላይ ያሉት ይጮኻሉ፤ በዚህ ጊዜ ለእሱ። ሲጨርስ ወደ አጥሩ ሄዶ ፈረመላቸው። ያ የድጋፍ ጩኸት ከሦስት ዓመት በፊት ሳን ዲዬጎ ላይ ያጣው ነበር። መልማዮቹ ያዩትን አይተው ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ስልክ የደወለ ክለብ አልነበረም።